ሮም ላይ የፍቅር ፊልም ልትሠሩ ላሰባችሁ ሁሉ

ለተከበራችሁ የአገሬ ፊልም ሠሪዎች፤ ደራሲዎች፣ ዳይሬክተሮች፣ ፕሮዲውሰሮች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሮም ነው። እዚህ መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ አንዲት አረጋዊት ሲኞራ መንከባከብ ነው። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ግን የአማርኛ ፊልም አያመልጠኝም። የናፍቆቴን ግማሽ የምወጣው በእናንተ ሥራ ነው። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ከወዳጅ እንደመጣ ቃል ቁጠሩልኝ።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ደራሲ ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። የምንተዋወቀው በዘመድ በኩል ነው። ሮም ላይ የሚቀረጽ የፍቅር ኮሜዲ እየጻፈ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። "እህቴ፣ ለካሜራ የሚያምሩ አሥር ቦታዎች ላኪልኝ። ታሪኩ አልቋል፤ የቀረን ቦታ ብቻ ነው።"

መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። "የቀረን ቦታ ብቻ ነው" የምትለዋ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለች። ለእሱ ብቻ ከምመልስለት ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ። ምክንያቱም ልክ በዚህ መንገድ ተሠርቶ ያሳዘነኝ ፊልም አለ። ገንዘብ ነበረው፣ ጥሩ ተዋንያን ነበሩት፣ ሮም ራሷ ነበረችው። ግን ከሸፈ።

ፊልሙ "ዌን ኢን ሮም" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሆሊውድ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ማርክ ስቲቨን ጆንሰን ነው። መሪ ተዋንያኑ ክሪስተን ቤልና ጆሽ ዱሃሜል ናቸው። እነ ዳኒ ዴቪቶና አንጀሊካ ሂውስተንም አሉበት። እንግዲህ የሰው ድህነት የለበትም።

ያየሁት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። ቦሎኛ ነው የምትማረው። ሮምን አይታ አታውቅም ነበር፤ ቅዳሜ ማታ በባቡር መጣች። "ነገ ከተማውን ከመዞራችን በፊት ዛሬ በፊልም እንየው" አለችኝ። ርዕሱን አይታ የመረጠችው እሷ ናት። ቡና አፈላሁ፣ ፈንዲሻ ፈነዳ፣ ሶፋው ላይ ጋቢ ለብሰን ተቀመጥን።

ታሪኩ ቤዝ ስለምትባል ወጣት ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው ጉገንሃይም ሙዚየም ትሠራለች። ኑሮዋ ሥራ ብቻ ነው። ታናሽ እህቷ አንድ ኢጣልያዊ ወዳ በድንገት ሠርግ ጠራች። ቤዝ ለሠርጉ ወደ ሮም ትሄዳለች። እዚያ ኒክ ከሚባል የሙሽራው ሚዜ ጋር ትግባባለች። ልቧ ትንሽ ከፈት ይላል። ወዲያው ግን ከሌላ ሴት ጋር ታየዋለች። ታዝናለች፣ ትጠጣለች፣ ከዚያ "የፍቅር ፏፏቴ" ወደተባለ ውሃ ገብታ ሰዎች የወረወሩትን ሳንቲም ትለቅማለች። ሳንቲሙን የወረወሩት ወንዶች በአስማት በፍቅሯ ያብዳሉ። አንዱ የቋሊማ ሀብታም፣ አንዱ የመንገድ ላይ ምትሃተኛ፣ አንዱ ሠዓሊ፣ አንዱ ራሱን የሚያመልክ ሞዴል ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከተረት የመጣ ሐሳብ ነው፤ እኔ ደግሞ ተረት እወዳለሁ።

ከዚያ ቤዝ አውሮፕላን ተሳፍራ ኒውዮርክ ገባች። ወንዶቹም ተከትለዋት ኒውዮርክ ናቸው። ሩጫው፣ ድብብቆሹ፣ ጨዋታው ሁሉ ኒውዮርክ ነው። የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከቆይታ በኋላ ስኒዋን አስቀመጠችና "አክስቴ፣ ሮም መቼ ነው የምትመጣው?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ሮም ለሠርግ ተጠርታ፣ አጨብጭባ፣ ተሸኝታለች።

የፊልሙ ርዕስ የተወሰደው "ሮም ከገባህ እንደ ሮማውያን ኑር" ከሚለው የታወቀ አባባል ነው። ቤዝ ግን አንዲት ቀን እንኳ እንደ ሮማውያን አልኖረችም። ከአንድ ሮማዊ ጋር ቁጭ ብላ አላወራችም። ኢጣልያውያኑ ዘፍነው፣ ጮኸው፣ ተሳስመው ከፊልሙ ይወጣሉ። ስማቸው ከአእምሮ አይቆይም። ኮሜዲ ስለሆነ ይለፍ የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ኮሜዲም ሰው ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የቆረቆረኝ ፏፏቴው ነው። በሮም "የፍቅር ፏፏቴ" የሚባል እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። አስቡት እስቲ! ሮም እኮ የውሃ ከተማ ናት። በየአደባባዩ ድንጋይ ውሃ ይተፋል። ከዚህ ሁሉ መሀል ገብተው የራሳቸውን የውሸት ፏፏቴ ተከሉ።

በማግስቱ የእህቴን ልጅ ይዤ ትሬቪ ወደሚባለው የእውነት ፏፏቴ ሄድኩ። ገና በጠዋት ነበር። ያም ሆኖ ሰው ሞልቶታል። የትሬቪ ውሃ የሚመጣበት መስመር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት በሮማዊው የጦር አዛዥ በአግሪጳ የተዘረጋ ነው። ፏፏቴውን የነደፈው ኒኮላ ሳልቪ ሥራውን ሳይጨርስ ሞተ። ሌላ ሰው ተረክቦ እ.ኤ.አ. በ1762 አስመረቀው። ሰው ጀርባውን ይሰጥና በቀኝ እጁ በግራ ትከሻው በኩል ሳንቲም ይወረውራል። አንድ ሳንቲም ከወረወርክ ወደ ሮም ትመለሳለህ። ሁለተኛው ለፍቅር፣ ሦስተኛው ለጋብቻ ነው ይላሉ።

ሳንቲሙ እዚያው አይቀርም። ይለቀምና ካሪታስ ለሚባለው የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ለድሃ ምግብና መጠለያ ይውላል። ለራሱ የሚለቅም ሰውም ነበር። ማግኔት ይዞ ሌሊት ሌሊት ለብዙ ዓመታት ገብቷል።

አሁን የቤዝን ታሪክ በዚህ ዓይን እዩት። ልቧ የተሰበረ ሴት ትሬቪ ገብታ ሳንቲም አነሳች እንበል። ያነሳችው የማን እራት ነው? ፖሊስ ቢይዛትስ? ሳንቲሙን ልትመልስ ካሪታስ ብትሄድ፣ እዚያ ሾርባ የሚቀዳ ሰው ብታገኝስ? ፍቅሩም ሳቁም እዚያው ተቀምጧል። አስማት እንኳ አያስፈልገውም። የውሸት ፏፏቴ የሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ጥለው ነው የሄዱት።

ሮም ላይ የፍቅር ኮሜዲ አይሠራም እያልኩ አይደለም። ተሠርቷል እኮ። ያውም ድሮ። "ሮማን ሆሊዴይ" እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ነው። ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ ይሠሩበታል። ሄፕበርን ኦስካር ያገኘችበት ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ሮም ውስጥ የተቀረጸ መሆኑን በጽሑፍ ይነግራችኋል። በጥቁርና ነጭ ነው። ግን ሙቀቱ ይሰማችኋል።

እዚያ ፊልም ላይ አንዲት ልዕልት ካረፈችበት የአገሯ ኤምባሲ ጠፍታ አንድ ቀን ሮም ውስጥ ትውላለች። ትሬቪ አጠገብ ፀጉሯን ትቆረጣለች። ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጄላቶ ትልሳለች። ቬስፓ ይዛ ሰው ታተራምሳለች። የከተማው እያንዳንዱ ቦታ አንድ ነገር ያደርጋታል። ፀጉር ቤቱ ሌላ ሰው ያደርጋታል፣ መንገዱ ነፃ ያወጣታል።

"የእውነት አፍ" የሚባለውን ድንጋይ ደግሞ አስታውሱ። ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስመዲን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያለ፣ አፉን የከፈተ ትልቅ ክብ ድንጋይ ነው። ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይነክሰዋል ይባላል። በዚያ ፊልም ልዕልቷም አብሯት የሚዞረው ሰውዬም እየተዋሹ ነው። እሷ ልዕልት መሆኗን ደብቃለች። እሱ ጋዜጠኛ መሆኑን ደብቋል። ታዲያ ሁለቱን ውሸታሞች ወስዶ እዚያ ድንጋይ ፊት አቆማቸው! ፔክ እጁን አስገብቶ በእጅጌው ውስጥ ደበቀው፤ የተቆረጠ መሰለ። አስቀድሞ አልነገራትም፣ ጩኸቷ የእውነት ነው ይባላል። ያን ትዕይንት ሌላ ከተማ ወስዳችሁ ልትቀርጹት አትችሉም። ድንጋዩ የታሪኩ አካል ነው።

እኔ የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ስክሪፕታችሁን ያዙና "ሮም" የሚለውን ሰርዛችሁ "ዱባይ" ብላችሁ ጻፉበት። ምንም ካልተቀየረ፣ ታሪኩ ሮም ላይ አይደለም ያለው።

ይህን የምለው በሆሊውድ ብቻ ተበሳጭቼ አይደለም። የእኛንም ጥቂት አይቻለሁ። ገጸ ባሕርይዋ ውጭ አገር ትሄዳለች። ኤርፖርት እናያለን። ረጅም ሕንፃ እናያለን። ሙዚቃ ይገባል፣ ሻርፗ በነፋስ ይበራል፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከዚያ ቤት ይገቡና ሶፋ ላይ ይጣላሉ። ሶፋው የትም ያለ ሶፋ ነው። ቦሌም ያለ ሶፋ ነው። ስንት ብር ተከፍሎ፣ ስንት የቪዛ ደጅ ተጠንቶ፣ ለሶፋ! ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ድካማችሁን አውቃለሁ።

እስቲ ስለ ሮማችን ትንሽ ልንገራችሁ። የእኛይቱን ሮም ማለቴ ነው።

ኢጣልያ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ የሚሠራ ሰው በልማድ የሚያርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ እህቶቻችን እዚህ ሰው ቤት መሥራት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እናቶቻችን ልንላቸው የምንችል አሉ። የእነሱ ፍቅር ያደገው በሐሙስ ከሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሳህን ታጥቦ፣ ልብስ ተቀይሮ፣ ሊፒስቲክ በአሳንሰር ውስጥ ተቀብቶ ይወጣል። ማታ ተመልሶ መግባት አለ። በዚህች ግማሽ ቀን ውስጥ ነው መተዋወቁ፣ መኮራረፉ፣ መታረቁ። አንድ ሐሙስ ሲኞራ ከታመመች ቀጠሮው በሳምንቱ ነው። የዛሬው ልጅ ስልክ አለው። ያኔ ግን አንዱ ቆሞ ጠብቆ፣ ጠብቆ ይሄዳል፤ ለምን እንደቀረች የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ ነው።

ይህ የፍቅር ኮሜዲ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሰዓቱ ራሱ ያስቃል፣ ያስለቅሳል።

ቀጠሮው የት ነው? ቴርሚኒ። ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። አደባባዩ "ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቸንቶ" ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። እነዚህ አምስት መቶዎች እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። የእኛ ሰው ይህን አያውቅም፣ ወይም ያውቅና ይረሳዋል፤ እዚያው ቆሞ ፍቅረኛውን ይጠብቃል። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ዕለት ሰውነቴን ወረረኝ።

በሌላ ቀን የእህቴን ልጅ ወደ ፖርታ ካፔና ወሰድኳት። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ፋሺስቶቹ ካመጡት በኋላ ስንት ዘመን እዚያ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። እዚያ ቆመን ስለ አበበ ቢቂላ ነገርኳት። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አበበ በባዶ እግሩ በአፒያ ጥንታዊ መንገድ ላይ ሮጦ መጣ። መሽቷል። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበራሉ። ሞሮኳዊው ራዲ አጠገቡ ነው። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ አበበ ፍጥነት ጨመረና ጥሎት ሄደ። ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ላይ ገባ።

የእህቴ ልጅ ጫማዋን አወለቀች። እንዲሁ፣ ምንም ሳትናገር። ድንጋዩን በእግሯ ነካችውና "ይቆረቁራል እኮ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ዞር አልኩ።

ሁለት የሐበሻ ልጆች በመጀመሪያ ቀጠሯቸው በዚህ መንገድ ቢሄዱ ምን ይባባላሉ? አላውቅም፤ እናንተ ናችሁ ደራሲዎቹ። ግን ከኮሎሲየም ፊት ለፊት ሻርፕ ከማስበረር የተሻለ ነገር እንደሚባባሉ እርግጠኛ ነኝ።

ሳቅ ከፈለጋችሁም ከተማው ሞልቶታል። ልዕልቷ በ1953 ጄላቶ የላሰችበት የስፔን ደረጃ ላይ ዛሬ መቀመጥ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ነው። ፊሽካ ይነፋባችኋል። ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ፊልሙን አይታ የመጣች ልጅ ሕልሟን ልትኖር ቁጭ ስትል ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ቡና ቤት ስትገቡ ደግሞ ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋቸው የተለያየ ነው። ፍቅረኛውን ሊያስደስት ወንበር የሳበ ልጅ ሂሳብ ሲመጣለት ፊቱን ቅረጹልኝ። ይህን ለማወቅ ግን ቡና ቤት ገብቶ መቆየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሮም መንገድ ዳር የብረት ቧንቧዎች አሉ። "ናዞኒ" ይሏቸዋል፣ ትልልቅ አፍንጫ ማለት ነው። በከተማው ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። ቀንና ሌሊት ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በነፃ ያፈሳሉ። ቧንቧው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የታችኛውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጥቃል። ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። ሞከረች፣ አጥብቃ ደፈነችው። ውሃው እሷን አልፎ ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ወጣት ሸሚዝ ላይ አረፈ። ልጁ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ራሰ። እሷ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እሱ መጀመሪያ ሸሚዙን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ከዚያ እንዴት እንደሳቀ! አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሆነው "ብራቫ!" አሉ።

ሌላ ነገር አልተፈጠረም። ሁላችንም መንገዳችንን ሄድን። እሷ ግን ማታ ባቡር ስሸኛት "ያ ልጅ ደረቀ ይሆን?" አለችኝ። ከዚያ ሁሉ የፊልም አስማት ይህች ጥያቄ በለጠችብኝ።

አንተ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አሥሩን ቦታ ስላልላክሁልህ አትቀየመኝ። ቪዛው ከተሳካ ካሜራውን ትተህ አንድ ሳምንት ቀድመህ ና። ማረፊያ እንፈልጋለን፣ ምግቡን ለእኔ ተወው። ሌሎቻችሁም እንዲሁ። እኔ ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ቴርሚኒ ፊት ለፊት፣ አውቶቡሶቹ በሚቆሙበት በኩል እጠብቃችኋለሁ። ሐሙስ ከቀረሁ ሲኞራ ታማ ነው፤ በሳምንቱ ኑ።

አክባሪ እህታችሁ
ከሮም